ከሰማይ የወደቀው እንግዳና ከባሕር የመጡት እንግዶች

ሰው ከአገሩ ርቆ፥ መመለሻው ጠፍቶት፥ ቋንቋውን በማያውቅ ሕዝብ መካከል ሲቀር ምን ይሆናል? እንግዳው የመጣበት ሕዝብስ ምን ያደርገዋል? ጥያቄው እንደ ሰው ልጅ ታሪክ ያረጀ ነው። በዘመናችን ግን ይህን ጥያቄ አዘውትረው የሚያነሡት የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ሆነዋል። መንኰራኵራቸው ተሰብሮ በምድር ላይ የቀሩ የሌላ ዓለም ፍጡራን ታሪክ በመጽሐፍም፥ በሲኒማም፥ በቴሌቪዥንም ሞልቷል፤ እኛም የዚህ ዓይነት ታሪክ ወዳጆች መሆናችንን አንደብቅም። መምህሮቻችንና ወላጆቻችን ጊዜ ማባከኛ ነው ቢሉን አንቀየምም። ነገር ግን ስለ አንድ የቴሌቪዥን ታሪክ የጀመርነው ክርክር ሳናስበው ወደ አባያ ሐይቅ ዳር ስለ መራን፥ በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ልናቀርበው ወደድን።

ታሪኩ «ስጦታው» ይባላል። «ዘ ትዋይላይት ዞን» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ዝግጅት ውስጥ ሚያዝያ 19 ቀን 1954 ዓ.ም. ለሕዝብ የታየ ነው፤ ጸሐፊው ሮድ ሰርሊንግ ነበር። በዚያን ቀን በአገራችን ቴሌቪዥን ገና አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን፥ አርባ ምንጭ ድረስ ሥዕሉ ለመምጣት ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። ታላላቆቻችን በክፍላቸው ውስጥ ቴሌቪዥን ያዩት ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፥ የፕላዝማ ትምህርት የሚባለው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲተከል ነው። እነርሱ ሲያወሩን፥ በመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ያስተምራል፤ እጅ ቢያወጡለት አያይም፥ ቢጠይቁት አይሰማም፥ ሰዓቱ ሲደርስ ይጠፋል። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ማለት እንግዲህ እርሱ ነበር! እኛ ግን ያን የቆየ ታሪክ ያየነው ዛሬ ሁሉም ነገር በሚታይበት በእጅ ስልክ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ባለች አንዲት የተራራ መንደር አቅራቢያ አንድ የማይታወቅ መንኰራኵር ይወድቃል። ከውስጡ ሰው የሚመስል እንግዳ ይወጣል። በመንገድ ላይ ፖሊሶች ያገኙትና በድንጋጤ ግብግብ ተፈጥሮ አንዱ ፖሊስ ይሞታል፤ እንግዳውም በጥይት ይቈስላል። እየተንገዳገደ ወደ መንደሩ መጠጥ ቤት ይገባል። ሐኪሙ ጥይቱን ያወጣለታል። ወለል እየጠረገ የሚያድር ፔድሮ የሚባል እናት አባት የሌለው ልጅ ይወደዋል፤ እንግዳውም ለልጁ አንድ ስጦታ ይሰጠዋል። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ግን ወታደሮችን ያስጠራል። ሕዝቡ ተሰብስቦ ሰይጣን ነው ይላል፤ ስጦታውን ከልጁ እጅ ነጥቆ በእሳት ይለቀዋል፤ እንግዳውም በጥይት ተመትቶ ይወድቃል። ሐኪሙ ከአመዱ ውስጥ የተረፈችውን ቍራጭ አንሥቶ ሲያነብ፥ ለምድር ሰዎች የተላከ የሰላም ሰላምታና ለነቀርሳ በሽታ ሁሉ የሚሆን የክትባት ቅመማ ነበረ። ቅመማው የተጻፈበት ክፍል ግን ተቃጥሏል።

ይህን አይተን ስንጨርስ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ከፊሎቻችን ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የመንደሩ ሰዎች ነው አሉ፤ ፍርሃታቸው ዓይናቸውን ስለ ጋረደው መድኃኒታቸውን በገዛ እጃቸው አቃጥለዋልና። ከፊሎቻችን ደግሞ፥ የለም፥ አንድ የአገሩ ልጅ ሞቷል፤ የሞተ ሰው ያለበት መንደር ቢፈራ ምን ይደንቃል? ብለው ተከራከሩ። ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ሦስተኛው አስተያየት ነው። ይኸውም፦ ደራሲው እንግዳውን መልካም፥ ባለአገሩን ፈሪና ጨካኝ አድርጎ የፈጠረው ለምንድን ነው? ተራራ ላይ የሚኖር ገበሬ ሁሉ ከሩቅ የመጣውን ጥበብ የማያውቅ ተደርጎ የሚታየው ለምንድን ነው? የሚል ነበር። እኛም የተራራ ልጆች ነንና ነገሩ ቆረቆረን።

እንዲህ ያለ ታሪክ ወደ አገራችንም ገብቷል። በ2007 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃውና ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ ምድር በአማርኛ ያዘጋጀው «ክራምብስ» የተባለው ፊልም፥ ከሌላ ዓለም እንደ መጣ የሚያምንና በሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ የቆመው መርከብ ወደ አገሩ እንዲመልሰው የሚናፍቅ ሰው ታሪክ ነው፤ ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተውም ዳንኤል ታደሰ ነው። ያ ግን ፈጠራ ነው። እኛ የፈለግነው በእውነት የሆነውን ነው። ስንመረምርም በእኛው ሐይቅ ዳር ያለፉ፥ ከአገራቸው ወሬ የተቋረጠባቸው፥ የሚሆነውን ሳያውቁ የተጓዙ እንግዶች አገኘን። ከሰማይ አልወደቁም፤ ከባሕር ማዶ ነው የመጡት።

የእንግዶቹ አለቃ ቪቶሪዮ ቦቴጎ የሚባል የኢጣሊያ የመድፈኛ ጦር ካፒቴን ነበር። በፓርማ ከተማ አጠገብ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1860 ተወለደ። በ1892 እና 1893 የጁባን ወንዝ ምንጮች ሲመረምር ቆይቶ ስሙ ገንኖ ነበርና፥ የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ለሁለተኛ ጊዜ ላከው። በዚያን ዘመን የአውሮጳ ሊቃውንት ስለ ኦሞ ወንዝ ብርቱ ክርክር ነበራቸው። የሚፈሰው ወዴት ነው? አንዱ ወደ ዓባይ ገባር ወደ ሶባት ይወርዳል ይላል፤ ሌላው ወደ ህንድ ውቅያኖስ ይሄዳል ይላል፤ ሌላው በደቡብ ካለው ትልቅ ሐይቅ ይገባል ይላል። በኦሞ ዳር የሚኖሩት ሰዎች ወንዛቸው የት እንደሚገባ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ዳሩ ግን እነርሱን የጠየቀ የለም።

ቦቴጎ ጥቅምት 2 ቀን 1888 ዓ.ም. በሶማሌ ጠረፍ ካለችው ከብራቫ ተነሣ። ከእርሱ ጋራ የባሕር ኃይል መኰንኑ ላምቤርቶ ቫኑቴሊ፥ ወጣቱ የእግረኛ ጦር መኰንን ካርሎ ቺቴርኒና ተመራማሪው ማውሪዚዮ ሳኪ ነበሩ። ኡጎ ፌራንዲ የተባለው ደግሞ በሉግ የንግድ ጣቢያ አቋቁሞ እንዲቀመጥ ተመድቦ ነበር። ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል ጠመንጃ የያዙ አስካሪዎችም አብረው ነበሩ። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፦ ለወንዝ ምርመራ ሁለት መቶ ሃምሳ ጠመንጃ! ማኅበሩ ጉዞው ለሳይንስ ነው ቢልም፥ ሉግ ላይ ጣቢያ መትከሉ፥ የዝሆን ጥርስ መሰብሰቡና የኢጣሊያን ስም በካርታ ላይ ማስፈሩ ከሳይንስ ጋራ ተቈራኝተው የሚሄዱ ሥራዎች ነበሩ። ያም ሆኖ ሥራቸው ሁሉ ከንቱ ነበር ማለታችን አይደለም፤ የለኩትን በትክክል የለኩ፥ የጻፉትን በትጋት የጻፉ ሰዎች ነበሩ።

በታኅሣሥ 1888 ከሉግ ተነሥተው ወደ ሰሜን ምዕራብ ገሠገሡ። ከዚህ በኋላ ከአገራቸው ጋራ የሚያገናኛቸው ክር ተበጠሰ። እንደ ዛሬ ስልክ የለ፥ ቴሌግራፍ የለ፤ ከኋላቸው ያለው በረሃ፥ ከፊታቸው ያለው የማያውቁት ተራራ ነው። እነርሱ በበረሃውና በቈላው ሲጓዙ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ተራሮች ላይ የሆነው ሆነ። የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ድል ሆነ፤ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ የማያንሱ ኢጣሊያውያን ተማርከው ከነሐሳባቸው ወደ ሸዋ ተወሰዱ፤ በሮማ መንግሥት ወደቀ፤ ዓለም ስለ ኢትዮጵያ የሚያወራው ወሬ ተለወጠ። ይህን ሁሉ ለቦቴጎ የሚነግር መልእክተኛ ግን አልደረሰም። ሥልጣኔ ያለው በእኔ አገር ነው ብሎ የተነሣው ሰው፥ አገሩ ምን እንደ ሆነች ሳያውቅ በእኛ ሐይቆች ዳር ይዘዋወር ነበር። ከሰማይ በወደቀው እንግዳና በእርሱ መካከል ያየነው መመሳሰል እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ከአገራቸው ድምፅ የራቁ ናቸው።

የበልግ ወራት ሊያልቅ ሲል ወደ አባያ ደረሱ። አባያን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ጥቂት እንበል። ከአርባ ምንጭ ከፍ ካለው ሰፈር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆች ይታያሉ። በስተ ሰሜን ያለው ሰፊው አባያ ነው፤ ውኃው ከየወንዙ ተጠርጎ የሚገባውን ደለል ይዞ ስለሚቆይ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ አለው። በስተ ደቡብ ያለው ጫሞ ግን ጠራ ያለ ነው። በሁለቱ መካከል የተጋደመውን ኮረብታ የእግዜር ድልድይ እንለዋለን። ከምዕራብ የገሞ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ቀርከሃውና እንሰቱ እላይ፥ ሙዙና ጥጡ እታች ነው። በአባያ ላይ ደሴቶች አሉ፤ በጊዲቾ ደሴት ሰው ይኖራል። የሐይቁ ዳር ሕዝብ ዓሣውን ያጠምዳል፥ ከአዞው ጋራ ይተዋወቃል፤ ሐይቁንም በስሙ ይጠራዋል።

ቦቴጎ ግን ሐይቁን አይቶ ንግሥት ማርጌሪታ ብሎ ሰየመው። ማርጌሪታ የኢጣሊያው ንጉሥ የቀዳማዊ ኡምቤርቶ ሚስት ነበረች። (በየሆቴሉ የምንሰማው ፒዛ ማርጌሪታም በዚችው ንግሥት ስም እንደ ተጠራ ይነገራል፤ ሐይቅና ምግብ በአንድ ስም!) አንድ ቀን እንኳ አባያን ሳታይ፥ ውኃውን ሳትቀምስ፥ ስሟ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በውጭ አገር ካርታዎች ላይ በሐይቃችን ላይ ተጽፎ ኖረ። ነገሩ የአባያ ብቻ አልነበረም። በኦሞ መጨረሻ ያለውን ትልቁን ሐይቅ ቴሌኪና ሆህኔል የተባሉ መንገደኞች ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደቡብ መጥተው አይተው፥ በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም ሩዶልፍ ብለውት ነበር፤ ጨው ባሕርን ደግሞ በአልጋ ወራሹ ሚስት ስም ስቴፋኒ አሉት። በዚያ ዘመን የወጣውን ካርታ የሚያነብ ሰው በደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሳይሆን በአንድ የአውሮጳ ቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ ያለ ይመስለዋል።

ጫሞም ከዚህ አላመለጠም፤ የሩስፖሊ ሐይቅ ተብሎ የተጻፈበት ጊዜ አለ። ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ከቦቴጎ በፊት ወደ ደቡብ የመጣ ወጣት ኢጣሊያዊ ሲሆን፥ በኅዳር 1886 ዓ.ም. በቡርጂ አካባቢ ያቈሰለው ዝሆን ገደለው። የዚህ ሰው ታሪክ «ስጦታው» ውስጥ እንደ ተቃጠለችው ወረቀት ነው። ሩስፖሊ ከሰበሰባቸው ነገሮች መካከል አንዲት ውብ ወፍ ነበረች፤ ሳይንስ ከዚያ በፊት የማያውቃት። ነገር ግን ወፊቱን የት እንዳገኛት ሳይጽፍ ሞተ። ወፊቱ ወደ ኢጣሊያ ደርሳ በእርሱ ስም ተሰየመች፤ አገሯ ግን የት ነው? በዱር ዳግመኛ እስክትገኝ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ። ይህን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር፤ ከአርሱ ጋራ ባይያያዝም ደጃፋችን ስለ ሆነ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1990 ወደ ነጭ ሣር ሜዳ የመጡ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ ተጨፍልቃ የሞተች የሌሊት ወፍ ያይደለች፥ በሌሊት የምትበር አንዲት ወፍ አገኙ፤ ሊያተርፉ የቻሉት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። በ1995 አዲስ ዓይነት መሆኗ ሲታወቅ የሳይንስ ስሟ «ሶላላ» ተባለ፤ በላቲን ክንፍ ብቻ ማለት ነው። እንግዲህ የነጭ ሣር ምድር ለሳይንስ የምትሰጠው መልእክት አንዳንድ ጊዜ በቍራጭ ነው።

ወደ ቦቴጎ እንመለስ። ከአባያ ተነሥቶ ወደ ኦሞ ወረደ፤ ወንዙን ተከትሎ በነሐሴ 1888 መጨረሻ ወደ ዛሬው ቱርካና ሐይቅ ደረሰ። ክርክሩ አበቃ፤ ኦሞ ወደ ዓባይም ወደ ውቅያኖስም ሳይሄድ በሐይቁ ይቀራል። ይህ በእርግጥ ለጂኦግራፊ ትልቅ ውጤት ነው፤ ዛሬ በክፍላችን የምንማረው የኦሞ ሥዕል በከፊል የእነርሱ ልኬት ፍሬ መሆኑን መካድ አይገባንም።

ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ተከፈለ። ማውሪዚዮ ሳኪ የተሰበሰበውን የዝሆን ጥርስና የምርምር ዕቃ ይዞ ወደ ሉግ እንዲመለስ ተላከ። የመጣበትን መንገድ ይዞ ሲመለስ በ1889 ዓ.ም. በእነዚሁ በእኛ ሐይቆች አካባቢ ተገደለ፤ ሉግን አላያትም። ቦቴጎ፥ ቫኑቴሊና ቺቴርኒ ደግሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፈው በባሮና በሶባት ገባሮች አገር በኩል ወደ ወለጋ ቈላ ዘለቁ።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚያሳዝነውን ነገር እናገኛለን። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያ መንግሥት በአዲስ አበባ የሰላም ውል ተፈራርመው ነበር። የውጫሌ ውል ፈረሰ፤ ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ተቀበለች፤ ምርኮኞቹም ወደ አገራቸው መመለስ ጀመሩ። ቦቴጎ ጦርነቱን ሳያውቅ እንደ ኖረ ሁሉ ሰላሙም አልደረሰውም። ውሉ ከተፈረመ አምስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፥ እርሱና ሰዎቹ በጊዳሚ አቅራቢያ ዳጋ ሮባ በሚባል ኮረብታ ላይ ሰፍረው ነበር። አገሩ በቄለም ገዥ በጆቴ ቱሉ እጅ ነበረ። ከምዕራብ በኩል፥ ማንም ሳያውቃቸው፥ ጠመንጃ ይዘው የመጡ ኢጣሊያውያን በአገሩ ሰው ዓይን ምን ሊመስሉ ይችላሉ? ባለፈው ዓመት በአድዋ የተወጋችው አገር ሰዎች ናቸው። መጋቢት 9 ቀን 1889 ዓ.ም. ሲነጋ ኮረብታው ተከበበ። ቦቴጎ እጄን አልሰጥም ብሎ ተዋግቶ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። ከአስካሪዎቹ ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። ቫኑቴሊና ቺቴርኒ ተማረኩ።

በክርክራችን ውስጥ የመንደሩ ሰዎች ጥፋተኞች ናቸው ይሉ የነበሩት ጓደኞቻችን እዚህ ሲደርሱ ዝም አሉ። ምክንያቱም በዳጋ ሮባ ማን ጥፋተኛ ነው? ቦቴጎ ሰላም መውረዱን አላወቀም። ባለአገሩም እንግዶቹ ምን እንደሚሹ አላወቀም። በፊልሙ ውስጥ እንግዳው መድኃኒት ይዞ ነበር፤ በዳጋ ሮባ ግን እንግዳው የያዘው ጠመንጃና ካርታ ነው። ፍርሃት ሁሉ ድንቍርና አይደለም፤ ልምድ የወለደው ፍርሃት አለ። በሌላ በኩል አንድ ደብዳቤ በጊዜው ቢደርስ ኖሮ ያን ሁሉ ነፍስ ባተረፈ ነበር ብለን ማሰባችንን ልንተው አልቻልንም።

ምርኮኞቹ ጥቂት ወራት ታስረው ከቆዩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ተለቀቁ። ንጉሠ ነገሥቱ ሊያደርጉባቸው የሚችሉት ብዙ ነገር ነበር፤ ያደረጉት ግን ወደ አገራቸው መስደድ ነው። ሁለቱ መኰንኖች ኢጣሊያ ገብተው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1899 ስለ ኦሞ ጉዞአቸው ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። የእንግዳው መልእክት እንደ ፊልሙ ተቃጥሎ አልቀረም፤ እነሆ ስለ እነርሱ የምናውቀው እነርሱ በጻፉት ነው። የባለአገሩ ወገን መጽሐፍ ግን የለም። በአባያ ዳር ሲያልፉ ያዩአቸው ሰዎች ምን አሉ? እህል የሸጡላቸው፥ መንገድ ያሳዩአቸው፥ የሸሿቸው ሰዎች ስማቸው ማን ነበር? ከአፍሪካ ጠረፍ አገሮች ተመልምለው በሰው ጦርነት የሞቱት አስካሪዎችስ? ለእነርሱ ሐይቅ የሰየመላቸው የለም።

በፓርማ ከተማ ግን በባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት በ1907 የቆመ የቦቴጎ ሐውልት አለ፤ ኤቶሬ ክሲሜኔስ የተባለ ቀራጺ የሠራው ነው። ካፒቴኑ ከላይ ቆሟል። ከእግሩ በታች ሁለት አፍሪካውያን ተቀርጸዋል፤ አንዱ የጁባ፥ ሌላው የኦሞ ወንዝ ምሳሌ ናቸው። ሥዕሉን ስናይ የፊልሙን ደራሲ የጠየቅነውን ጥያቄ ደግመን ጠየቅን። ኦሞ ለምን ከእግሩ በታች ሆነ? ወንዙን ቦቴጎ አልፈጠረውም፤ ወንዙ ከእርሱ በፊት ይፈስ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ይፈሳል።

ለእውነት ስንል አንድ ነገር ሳንጨምር ማለፍ አንችልም። በዚያው ዘመን በጠመንጃ ወደ ገሞ ደጋ የመጡት የባሕር ማዶ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ ካካሄደው ብርቱ ዘመቻ ጋራ በተቀራረቡ ዓመታት የገሞ ደጋም በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። ጨንቻ የገዥዎች ከተማ ሆነች፤ ገበሬውም ገባር ሆኖ ብዙ ሸክም ተሸከመ። ከሰሜን መጥተው ከዚህ የቀሩ ወታደሮች ልጆች ግን ዛሬ ከእኛ ጋራ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይማራሉ፤ ከመካከላችን ይህን ጽሑፍ ያረሙትም አሉ። እንግዳ እስከ መቼ እንግዳ ሆኖ ይኖራል? ይህን የቴሌቪዥን ታሪኮቹ አይነግሩንም፤ መርከቡ ወይ ይጠገናል፥ ወይ እንግዳው ይሞታል፤ ሦስተኛው መንገድ፥ ማለትም እዚያው ቀርቶ ማግባት፥ መውለድና መዛመድ፥ ለተመልካች አይጥምም መሰል።

የገሞ ሰውም ራሱ በሰው አገር እንግዳ ነው። የዶርዜ ሸማኔ መወርወሪያውን ይዞ ከደጋው ከወጣ ስንት ዘመኑ! በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ በሸማኔ ጉድጓድ ተቀምጦ የሸመነው ጥበብ አገሩን ሁሉ አልብሷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ ዳርቻ በቡራዩ ከደረሰው ጥቃት የተነሣ ሰዎች ተገደሉ፥ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የገሞ ተወላጆች፥ ሸማኔዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ዓመታት የኖሩበት ሰፈር በአንድ ሌሊት የማያውቃቸው ሆነ።

ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ተቈጣ። በደም ፈንታ ደም የሚል ድምፅ ተነሣ፤ በከተማችን የሚኖሩ፥ ከጥቃቱ ጋራ አንዳች ግንኙነት የሌላቸው፥ ነገር ግን ከዚያኛው ወገን ናቸው የተባሉ ሰዎችና ንብረታቸው በአደጋ ላይ ወደቁ። በዚያ ሰዓት እንግዶቹ እነርሱ ነበሩ። በ«ስጦታው» ውስጥ ችቦ ይዞ የተሰበሰበው ሕዝብ ይህን ይመስላል። ወላጆቻችን ያን ቀን ያስታውሳሉ፤ እኛ ያን ጊዜ ትንንሽ ልጆች ነበርንና ከእነርሱ ሰምተን ነው የምንጽፈው።

ያን ጊዜ የገሞ አባቶች ወጡ። በገሞ ሥርዓት ጠብ የሚፈታው በዱቡሻ፥ በአደባባይ ሸንጎ ተቀምጦ ነው፤ ነገሩ ሲብስ ደግሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ በመካከል ይገባል። ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፤ ጎሜ ማለት ደግሞ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ልጁን፥ ከብቱንና እርሻውን የሚከተል ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ በቍጣ በሚመጣው ወጣት ፊት እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በጕልበታቸው ተንበረከኩ። ጠመንጃ አልነበራቸውም፤ ዱላም አላነሡም። ከተንበረከኩት መካከል የራሳቸው ዘመድ በቡራዩ የተጎዳባቸው ሊኖሩ እንደሚችሉ መገመት አያስቸግርም።

በፊልሙ መንደር ውስጥ የጎደለው ይህ ነበር ብለን አሰብን። ሐኪም ነበረ፥ ወታደር ነበረ፥ ባለ መጠጥ ቤት ነበረ፤ በሕዝቡና በእንግዳው መካከል የሚንበረከክ ሽማግሌ ግን ደራሲው አልጻፈም። ምናልባት አላየም ይሆናል። በዳጋ ሮባ ኮረብታም ሥር በዚያ ጧት እንዲህ ያለ ሰው አልቆመም። በአርባ ምንጭ ግን ቆሙ፤ ወጣቱም ዱላውንና ድንጋዩን ይዞ ሽማግሌዎቹ ፊት ደርሶ ቆመ፤ አንዳንዱ አለቀሰ፤ ሣሩን ተሻግሮ የሚያልፍ ስላልተገኘ ሁሉም በየመጣበት መንገድ ወደ ቤቱ ተመለሰ።